ፍንጭት፣ ክራንቻና ሽቦ

ከዘመሮ አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወደ ጥርስ ሐኪም መጡ እንበል። ስም አንሰጣቸውም፤ እንዲህ ያሉ እናትና ልጅ በመንዝ ብዙ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ደብረ ብርሃን አድረው፣ በማግስቱ የቀረውን 130 ኪሎ ሜትር ጨርሰው ገብተዋል። እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ልጅቱ አፏን በመዳፏ ሸፍናለች፤ ስትናገርም ስትስቅም እጇ ከአፏ አይለይም።

«ዶክተርዬ» አሉ እናት፤ «እነዚህ ክራንቻዎቿ ከላይ ወጥተውባት ትምህርት ቤት እየተሳቀቀችብኝ ነው። እነሱን ያስተካክሉልኝ። ፍንጭቷን ግን እንዳይነኩብኝ፤ ከእናቴ የወረሰችው ነው።»

እኒህ እናት የጥርስ ማስተካከል ሕክምናን ዋና ጥያቄ ገና ሲቀመጡ አንሥተውታል። የትኛው ጥርስ ቦታው ይቀየር? የትኛው እንዳለ ይተው? ሽቦው፣ ላስቲኩ፣ ኤክስሬዩ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ እናትየዋንና ልጅቱን ይዘን፣ እነሱ በሄዱበት መንገድ እንሄዳለን።

ከፍንጭቱ እንጀምር። በብዙ የውጭ አገር ክሊኒኮች በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ሊዘጋ እንደሚገባው ነገር ይታያል። እኛ ዘንድ ግን ፍንጭት ውበት ነው፤ ዘፋኝ ያሞግሰዋል፣ ሽማግሌ ልጅ ሲመርጥ ያነሣዋል። ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን የተነቀሱ አያቶቻችን የውበት ሚዛናቸውን ከማንም አልተዋሱም። ዋሽንግተን ወይም ሌላ የባሕር ማዶ ከተማ ያደገች ኢትዮጵያዊት ልጅ ሐኪሟ «ይህን ክፍተት መቼ እንዝጋው?» ሲላት ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም። ፍንጭት ማኘክን አያውክም፣ ጥርስን አያበሰብስም፣ ለማጽዳትም እንዲያውም ይመቻል። ባለቤቱ ካልጠላው ሕመም አይደለም። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ጤነኛ ፍንጭት ላለው ሰው ሳይጠየቅ «ልዝጋልህ» የሚል ሐኪም ከሥራው ድንበር ወጥቷል።

ባለቤቱ ራሱ መዝጋት ከፈለገ ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የፀጉር ወይም የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ በሁለቱ የፊት ጥርሶች ላይ አጥልቆ የሚያድር ወጣት አለ። ጥርስ ከላይ ወፍራም ከሥሩ ቀጭን ስለሆነ ላስቲኩ ቀስ እያለ ወደ ድዱ ይሸሻል፤ ከዚያ ከድዱ ሥር ይገባና ከዓይን ይጠፋል። ልጁ ላስቲኩ ወልቆ የወደቀ ይመስለዋል። ላስቲኩ ግን በሥሩ ላይ እየወጣ ጥርሱን የያዘውን ሥጋና አጥንት ይበላል። ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶች በዚህ መንገድ ተነቃንቀው የሚወልቁበት ጊዜ አለ። ይህን መጽሐፍ የሚያነብ መምህር ካለ፣ ለተማሪዎቹ ይህቺን ብቻ ቢነግርልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ክራንቻው ሌላ ጉዳይ ነው።

መንዝ ያደገ ሰው የክራንቻን ሥራ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ጓሳ ላይ ወንዱ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ሲያስፈራራ ያየ፣ ክራንቻ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። የእኛ ክራንቻ አጭርና የዋህ ቢሆንም ሥሩ ግን በአፋችን ካሉት ጥርሶች ሁሉ ረጅሙ ነው። መንጋጋችንን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስናንቀሳቅስ የኋላ ጥርሶቻችን እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ የሚመራው እሱ ነው። ስለዚህ ከዘመዶች አንዱ «ያን ከላይ የወጣውን አስነቅላችሁ ተገላገሉ» ሲል፣ የቤቱን ዋና ምሰሶ ለመንቀል እየመከረ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የተከበረ ጥርስ ለምን ውጭ ቀረ? ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ሕፃን 20 የወተት ጥርስ ያበቅላል። 6 ዓመት ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ብቅ ይላሉ፤ ብዙ ወላጅ እነዚህን የወተት ጥርስ መስለውት ሲቦረቦሩ «ይወልቃል፣ ሌላ ይበቅላል» ብሎ ይተዋቸዋል። አይወልቁም፤ ዕድሜ ልክ ናቸው። ከዚያ የፊት ጥርሶች፣ ቀጥሎም ከክራንቻው ኋላ ያሉት ትንንሽ መንጋጋዎች ይወጣሉ። የላይኛው ክራንቻ ግን ብዙ ጊዜ 11 ወይም 12 ዓመት ላይ ነው የሚደርሰው። ድግስ ላይ ዘግይቶ እንደ ደረሰ እንግዳ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ከተያዘ ቆሞ ይቀራል። ቦታ ያጣ ክራንቻም በድዱ ከፍታ ላይ፣ ከረድፉ ውጭ ይበቅላል። ጨርሶ ሳይወጣ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ የሚቀርም አለ።

ወንበሩን ማን ያዘበት? አንዳንዴ ዘር ነው፤ መንጋጋው ጠባብ፣ ጥርሶቹ ሰፋፊ ሆነው ይፈጠራሉ። ሐዳር ላይ በ1974 እ.ኤ.አ. በተገኘችው በድንቅነሽ መንጋጋ ላይ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ እንኳ ቦታ አግኝቶ በቅሏል፤ ዛሬ ለብዙዎቻችን እሱ ቦታ የለውም። ሰው ምግቡን እያለሰለሰ ሲመጣ መንጋጋው እያነሰ ሄዷል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። እኛን አሁን የሚመለከተን ግን ከዚህ በጣም የቀረበ ምክንያት ነው።

ልጅቱ 7 ዓመቷ ሳለ ከላይ በግራና በቀኝ ያሉ የወተት መንጋጋዎቿ ተቦርቡረው አሟት ነበርና ተነቀሉ። ሕመሙ ቆመ፣ ቤተሰቡ አረፈ። ነገር ግን የወተት ጥርስ ከማኘክ ሌላ ሥራ አለው፤ ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው። ጠባቂው ሲነሣ ከኋላው ያለው የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ባዶውን አገኘና ወደ ፊት ተንሸራተተ። ሌላው ጥርስ ተጠጋግቶ ሲበቅል ለክራንቻው የቀረው በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። በጊዜው ቦታ የሚጠብቅ ትንሽ ሽቦ ቢደረግላት ወይም ጥርሶቹ ሳይበሰብሱ ቢታከሙ፣ ዛሬ ይህን መንገድ ሁሉ ባልመጣች ነበር። ጥርሱ ሲወልቅ ጣራ ላይ የሚወረውረው ልጅ በደስታ ይወርውር፤ ከጊዜው በፊት የተነቀለ ጥርስ ግን ባለ ዕዳ ያደርጋል።

ከዚህ የከፋ ሌላ ምክንያትም አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ኅሊናዬ አይፈቅድም። ግግ ማስወጣት ይሉታል። ሕፃኑ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው፣ ክራንቻ የሚበቅልበት ድድ አብጦ ከታየ «ሕመሙ ከዚህ ነው» ይባላል። አዋቂ የተባለው ሰው ድዱን በስለት ይፈለፍልና አንድ ነጭ፣ ለስላሳ ነገር ያወጣል። ትል ይመስላል። ያ ነገር ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው። ከእሱ ሥር ደግሞ የቋሚው ክራንቻ ፅንስ ተኝቷል፤ ስለቱ እሱን ሲነካው ቋሚው ጥርስ ጨርሶ ሳይበቅል ይቀራል ወይም ተጎድቶ፣ ተጣሞ፣ ቦታ ስቶ ይወጣል። መድማቱና ቁስሉ ማመርቀዙ ሲጨመርበት ሕፃኑን ለሞትም ሊያበቃ ይችላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የሄዱትን የቤተ እስራኤል ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የጎደሉና የተበላሹ ክራንቻዎችን አይተው መዝግበዋል፤ ምክንያቱን ሲከታተሉ የደረሱት እዚሁ ልማድ ላይ ነው። እናቶችን መውቀስ ቀላል ነው። ተቅማጥ ልጅ በሚገድልበት አገር፣ ልጇን ለማዳን የሮጠች እናት ግን ወቀሳ አይገባትም። የሚገባት እውነተኛው መድኃኒት ነው፤ ኦአርኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠትና በቶሎ ጤና ጣቢያ መድረስ። ግግ የሚባለው እብጠት ጥርስ እየመጣ መሆኑን ብቻ ይነግረናል።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ሐኪሙ አፏን አይቶ፣ ኤክስሬይ አስነሥቶ፣ የጥርሶቿን ቅርጽ ወስዶ ለእናትየዋ ሒሳቡን እንዲህ አስረዳቸው። የላይኛው ክራንቻ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ያለው ቦታ 3 ነው። በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ፍንጭቷ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቢዘጋም ለእያንዳንዱ ጎን የሚያተርፈው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አይበቃም። ስለዚህ ከላይ በግራና በቀኝ ከክራንቻው ኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ መንጋጋዎች ተነቅለው ክራንቻዎቹ በእነሱ ቦታ ይገባሉ። እያንዳንዱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይለቃል። ጥቂት ይተርፋል፤ የኋላ ጥርሶች ወደ ፊት ተስበው ይሞሉታል። ፍንጭቱ ይቆያል።

እናትየዋ ደነገጡ። «ደኅነኛ ጥርስ? ያልታመመ ጥርስ ይነቀላል?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ማንኛውም ወላጅ ሊጠይቀው ይገባል። ሁልጊዜ መንቀል አያስፈልግም፤ ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ቅስቱን ማስፋት ወይም የጥርሶቹን ጎን በጥቂቱ መሞረድ ይበቃል። ጉድለቱ ሲበዛ ግን ጥርሶቹን ሁሉ በግድ መደርደር ከአጥንቱ ጠርዝ ውጭ እየገፉ ማቆም ነው፤ ድዱ ይሸሻል። መምረጥ ካለብን፣ ሥረ ረጅሙን ክራንቻ ይዘን ትንሹን መንጋጋ እንለቃለን። ሐኪሙ ይህን ሒሳብ በቁጥር ሊያሳያችሁ ካልቻለ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ለመሆኑ እንደ ዓለት የጠነከረ አጥንት ውስጥ የተተከለ ጥርስ እንዴት ይሄዳል? ሕክምናው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና እዚህ ጋ ረጋ እንበል። አብዛኛው ሰው ጥርስ ግድግዳ ላይ እንደ ተመታ ሚስማር አጥንት ውስጥ የተቀረቀረ ይመስለዋል። አይደለም። የጠፍር አልጋን አስቡ። የተኛው ሰው እንጨቱን አይነካም፤ በተወጠረው ጠፍር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሲተኛበት ይረግባል፣ ሲነሣ ይመለሳል። ጥርስም ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ጅማቶች ነው። ቆሎ ስናኝክ ጥርሳችን የማይሰበረው፣ ጠጠር ስንነክስ ወዲያው የሚሰማን፣ በእነዚህ ጅማቶች ምክንያት ነው።

ሽቦ ጥርሱን ወደ አንድ ጎን ቀስ አድርጎ ሲገፋው በዚያ ጎን ያለው ጅማት ይጨመቃል፣ በተቃራኒው ያለው ይወጠራል። ሕያው የሆነው አጥንት ይህን ይሰማል። በተጨመቀው ጎን አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳት ተሰብስበው ግድግዳውን መቆፈር ይጀምራሉ፤ በተወጠረው ጎን አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት አዲስ ግድግዳ ያቆማሉ። ፊት ለፊት እየፈረሰ ከኋላ እየተገነባ ጥርሱ ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ሽቦው ትእዛዝ ሰጪ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የልጅቱ ሰውነት ነው። ፍጥነቱም በሰውነቱ ልክ ነው፤ በአማካይ በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል። ክራንቻው የጎደለውን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ እንዲሄድ ብቻ ግማሽ ዓመት ያህል ያልፋል። ከዚያ በፊት መደርደር፣ ከዚያ በኋላ ቦታ መዝጋትና አነካከስን ማስማማት አለ። ሁለት ዓመት የሚባለው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ጠበቅ አድርጉላትና ቶሎ ይለቅ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ሲለው ደግሞ ልብ ይነካል። ነገር ግን ኃይል ሲበዛ የተጨመቀው ጅማት ደሙ ይቋረጣል፣ ያ ክፍል ይሞታል። የሞተ ሥጋ ውስጥ ቆፋሪ ሕዋስ አይገባም። ጥርሱ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል፣ ሕመሙ ይበረታል፣ የጥርሱ ሥር ጫፉ ሊያጥር ይችላል። ቀላል ግፊት ከከባዱ ቀድሞ ይደርሳል። ለዚህም ነው ጥሩ ሐኪም በየቀጠሮው ጥቂት ነገር ብቻ ሠርቶ «አሁን ሂዱ» የሚለው። ገንዘባችሁን በልቶ አይደለም፤ አጥንቱን እየጠበቀ ነው።

መሣሪያው ራሱ ብዙ ዘመን ተሻሽሏል። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጥርስን በክር ከቀጭን የብረት ቅስት ጋር አስሮ ስለማቃናት ጽፏል። ሙያውን ለብቻው ያቆመው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. የላይኛውና የታችኛው የስድስት ዓመት መንጋጋ እንዴት እንደሚገጥሙ ተመልክቶ የጥርስ አነካከስን በሦስት መደበ። ሐኪማችሁ ካርድ ላይ «ክላስ 2» ብሎ ቢጽፍ የእሱን ምደባ እየተጠቀመ ነው፤ የላይኛው ረድፍ ወደ ፊት ቀድሟል፣ ሰው ገጣጣ የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይገባል። «ክላስ 3» ከሆነ የታችኛው ቀድሟል። በአንግል ጊዜና ከእሱም በኋላ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ጥርስ የብረት ቀለበት ይጠልቅለት ነበር። ማይክል ቦኖኮር በ1955 እ.ኤ.አ. የጥርስን ገጽ በአሲድ ሻከር በማድረግ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬ ብራኬት የምንላት ትንሽ ካሬ ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ጥርስ ላይ የምትለጠፈው በዚያ መንገድ ነው። ቀጥሎ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ የተገኘው የኒኬልና የቲታኒየም ሽቦ መጣ፤ ቢያጣምሙት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ጥርስ ሕክምና የገባው ይህ ሽቦ ለወራት በቀላል ኃይል መሳቡን ይቀጥላል። አንዳንዱ ዓይነት በሙቀት ይጠነክራል፣ በቅዝቃዜ ይለሰልሳል። ሲያማት ቀዝቃዛ ውሃ አፏ ውስጥ የያዘች ልጅ ቀለል የሚላት አንዱ በዚህ ነው፤ የመንዝ የጠዋት ውሃ ለዚህ ከማንም ክሊኒክ ይሻላል።

ብሬሱ፣ ማለትም ብራኬቱና ሽቦው፣ በተደረገላት ቀን ልጅቱን ብዙም አላመማትም። ሕመሙ ማታ መጣ፣ ሁለት ሦስት ቀን ከረመ፣ በሳምንቱ ተወ። ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ብራኬቱ ጉንጯን ሲልጣት ለዚሁ የተዘጋጀ ሰም እያድቦለቦለች ትለጥፍበታለች። ከሩቅ የመጣ ሰው ይህን ሰም በርከት አድርጎ ይጠይቅ፤ ዘመሮ ላይ የሚሸጥ ሱቅ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው የማዕድ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የውጭ አገር ምክር ለእኛ አይሠራም። የእነሱ ወረቀት ፈንዲሻና ለውዝ አትብሉ ይላል። የመንዝ ልጅ ፈተናዋ ቆሎ ነው። የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ ሽምብራ፣ ቋንጣ፣ አጥንት መጋጥ፣ ሸንኮራ መላጥ፤ እነዚህ ለሁለት ዓመት ይቀመጣሉ። አንዲት የቆሎ ፍሬ ብራኬት ታስነቅላለች፤ ብራኬቱ የወለቀበት ጥርስ ደግሞ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይሄድ ይቆማል። ደግነቱ ደጋው የሰጠን ገብስ በሌላ መልክም ይበላል። ገንፎ፣ አጥሚት፣ በጥብጠው የሚጠጡት በሶ፣ እንጀራ ፍርፍር፣ ሽሮ፤ ብሬስ ላደረገ ሰው ተብለው የተፈጠሩ ይመስላሉ። ዳቦና ቂጣ በፊት ጥርስ ሳይነከስ በእጅ ተቆርሶ በኋላ ጥርስ ይታኘካል። ቡና ሲፈላ ቆሎው ሲዞር «አልበላም» ማለት ለልጅ ከባድ ነው። አያት ለጥቂት ጊዜ ከቆሎው ጎን ለስለስ ያለ ዳቦ ቆርሰው ቢያስቀምጡላት፣ ለሕክምናው ከሐኪሙ ያላነሰ አስተዋጽኦ አደረጉ።

ስኳር ግን ከቆሎ የባሰ ነው። በብራኬት ዙሪያ የተጠራቀመ የምግብ ቅሪት ላይ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ሲጨመር፣ በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ጥርሱ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ መታየት ሊጀምር ይችላል። ብሬሱ ሲነሣ ጥርሱ ተቃንቶ፣ በየብራኬቱ ዙሪያ ግን ነጭ ቀለበት ቀርቶ የሚያሳዝን ነገር ይሆናል። የወይራ መፋቂያ የፊቱን ገጽ በደንብ ያጸዳል፤ ከሽቦው ሥርና በብራኬቱ ዙሪያ ግን አይደርስም። ስለዚህ መፋቂያ የለመደ ሰው ለእነዚህ ሁለት ዓመታት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይቦርሽ፤ ከሽቦው በላይ አንድ ጊዜ፣ ከሽቦው በታች አንድ ጊዜ። ማታ ሳይቦርሹ መተኛት ከሁሉ ይጎዳል፤ ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳልና።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ መጣሁ፤ መንገድ። ብሬስ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት ይፈልጋል። በአገራችን ይህን ሙያ ለይተው የተማሩ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም አዲስ አበባ ነው። የዘመሮ ቤተሰብ የሚከፍለው የሕክምናውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መሳፈሪያው፣ ማደሪያው፣ የሚቀረው የትምህርት ቀን፣ የሚታጎለው የእርሻ ሥራ አለ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ብራኬት ሲወልቅ ይጨመራል? ብሬሱ ሲነሣ የሚደረገው መጠበቂያ (ሪቴይነር) በዋጋው ውስጥ አለ? ቀጠሮው በ8 ሳምንት ሊራራቅ ይችላል? ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ያ የኒኬል ቲታኒየም ሽቦ ለዚህ ምቹ ነው። ከባድ የሚባለውን ሥራ፣ መንቀሉንና ብሬስ መለጠፉን፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ማድረግም ይቻላል። ሳያቋርጥ ለሁለት ዓመት ሊከታተል እንደማይችል ያወቀ ቤተሰብ ደግሞ ባይጀምር ይሻላል። ይህን መጻፍ አይጥመኝም። ተጀምሮ የተተወ ብሬስ ግን ካልተጀመረው የከፋ ነው፤ ጥርሱ ያለ ተቆጣጣሪ ይሄዳል፣ በብራኬቱ ዙሪያም ይበሰብሳል።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፤ ባለፉት ዓመታት ሰሜን ሸዋ ይህን ጠንቅቆ አውቆታል። ወራት ሊያልፍ እንደሚችል ከተገመተ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። የሚስበውን ላስቲክ አውጥቶ፣ ጥርሶቹን ባሉበት ብቻ የሚይዝ ሽቦ አድርጎ ሊሸኛችሁ ይችላል። ቤት ሆናችሁ ሽቦ ጫፉ ጉንጭ ቢወጋ በንጹሕ ማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጎ ማጠፍ፣ ካልሆነ ሰም መለጠፍ ነው። ብራኬት ቢወልቅ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ፎቶ አንሥቶ ለሐኪሙ በስልክ መላክ ነው። ወደ ሆድ የገባ ብራኬት ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይወጣል፤ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ የገባ ግን ያስለዋል፣ ያፍናል፤ ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው እንጂ መጠበቅ የለም። የድድ እብጠትና መግል ሲኖርም ጤና ጣቢያው ይረዳል፤ ሽቦውን ግን ሌላ ሰው በጉጠት እንዳይነካካው።

ዕድሜዋ አልፏል ወይ ብለው የሚጠይቁም አሉ። በአሜሪካ ያሉ የሙያው ሐኪሞች ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው አንዴ ይታይ ይላሉ፤ ይህ ሁሉም በ7 ዓመቱ ብሬስ ያድርግ ማለት አይደለም። የታችኛው መንጋጋ ቀድሞ ሲወጣ ወይም የላይኛው ጠቦ ሲገጥም ገና አጥንቱ ሲያድግ ቢጀመር ስለሚሻል ነው። ለአብዛኛው ከ11 እስከ 14 ዓመት ጥሩ ጊዜ ነው። የ40 ዓመት ሰው ጥርስም ይሄዳል፤ ድዱ ጤነኛ ይሁን እንጂ። መንጋጋውን ማሳደግ ብቻ ነው ያለፈው።

ልጅቱ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣች እንበል። ክራንቻዎቿ ወንበራቸውን አግኝተዋል። ብራኬቶቹ ተነሡ፣ ሙጫው ተጠረገ። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ «ተፈጸመ» ብሎ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው። አጥንቱ አዲስ ነው፣ ገና አልጠነከረም። በድዱ ውስጥ ያሉት ጅማቶች ደግሞ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ወደ ድሮው ይጎትታሉ፤ እስኪረጋጉ ዓመት ሊፈጅባቸው ይችላል። ስለዚህ ጥርሱን ባለበት የሚይዝ ሪቴይነር ይሰጣታል። ለጥቂት ወራት ሌሊትም ቀንም፣ ከዚያ ለዓመታት ሌሊት ብቻ። ስትበላ አውልቃ በመሀረብ ከጠቀለለችው በማግስቱ ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር ይጠረጋል፤ የራሱ ሳጥን አለው። በፈላ ውሃ ከታጠበ ይጣመማል። ከእሳት ዳር፣ ከውሻ አጠገብ አይቀመጥም፤ ውሻ የሰው ምራቅ የሸተተውን ነገር አይምርም።

ሐኪሙ ሪቴይነሩን ከማሠራቱ በፊት ልጅቱን ለብቻዋ ጠየቃት፤ አሁን 16 ዓመቷ ነው። «ፍንጭትሽን አሁን ልንዘጋው እንችላለን፤ ወይም ሪቴይነሩ እንዳለ እንዲይዘው አድርገን እናሠራው። እናትሽ ይቆይ ብለው ነበር። አንቺስ?»

መስታወቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየች። እጇ አፏ ላይ አልነበረም።

«የአያቴ ነው» አለች፤ «ይቆይ።»

ካርዱ ላይ «ፍንጭቱ ይጠበቅ» ተብሎ ተጻፈ። እናትየዋ ከውጭ አግዳሚው ላይ ሆነው ለመልሱ ጉዞ የቋጠሩትን በሶ እየፈቱ ነበር።